ቦይለሩ ከመበላሸቱ በፊት ውሃው ሄዶ ነበር

አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ ሰፈር፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ካለ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነን። ቅዳሜ ነው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት አልሞላም። ባለሙያው የመታጠቢያ ቤቱን በር ከፍቶ ከኮርኒሱ ሥር የተሰቀለውን ነጭ ቦይለር አንጋጦ አየው እንጂ ካቻቢቴውን ከቦርሳው አላወጣም። የቤቱ እመቤት መቆሚያ ወንበር ሊያመጡለት ሲሉ፣ «ይቆይ እናቴ፣ እደርስበታለሁ» አለና መጠየቅ ጀመረ።

«ውሃ ሄዶባችሁ ነበር?»

«ኧረ ውሃውስ አለ ልጄ። አልሞቅ ማለቱ ነው የቸገረን። መብራቷ ትበራለች፣ ውሃው ግን በረዶ ነው።»

«አሁንማ አለ። በዚህ ሳምንትስ?»

ሴትዮዋ አሰቡ። ውሃው ማክሰኞ ሄዶ የተመለሰው ሐሙስ ሌሊት ነው። ጣሪያው ላይ ያለው ሮቶ ረቡዕ ማታ አልቋል። ያን ዕለት ማታ ልጃቸው ገላዋን ልትታጠብ የሙቅ ውሃውን ሻወር ብትከፍት፣ ጠብታ ሳይወርድ ቧንቧው አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ፉጨት መሰል ድምፅ ሰማች። ዘግታ ወጣች። ማብሪያውን ግን ማንም አላጠፋውም።

ባለሙያው ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ብሬከሩን ዘጋ፤ ወንበር ላይ ወጥቶ ከቦይለሩ ሥር ያለውን ክዳን ፈታ፤ ሁለቱን ሽቦዎች ነቅሎ የቴስተሩን ጫፎች ሬዚስታንሱ ላይ አሳረፈ። ደህና የሆነ የ1,500 ዋት ሬዚስታንስ በ220 ቮልት ሲሰላ 32 ኦም ገደማ ያነባል። የዚህኛው ምንም አላነበበም። በውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ተበጥሷል። መብራቷ የምትበራው ኤሌክትሪኩ ቦይለሩ ድረስ ስለሚደርስ ነው፤ የሚቀበለው ግን ሞቷል። በእኛ ከተማ «መብራቷ ትበራለች፣ ውሃው አይሞቅም» ከተባለ፣ ብዙውን ጊዜ ነገሩ ይኸው ነው።

ይህን ቤት የመረጥኩት ታሪኩ እንግዳ ስለሆነ አይደለም። ከቦሌ ሚካኤል እስከ ገርጂ፣ ከሰሚት እስከ አያት ባሉ ቤቶች ቦይለር የሚሞትበት ዋናው መንገድ ይህ ስለሆነ ነው። መብራት ኃይልን እንረግማለን፣ የቻይና ዕቃን እንረግማለን፣ ዕቃውን የሸጠልንን ነጋዴ እንረግማለን። ቦይለሩን የገደለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የውሃው መሄድና አሥር ደቂቃ የማይፈጅ አንድ ሥራ ሳይሠራ መቅረቱ ነው።

በቀዝቃዛ አገሮች ቦይለር ክፍል የሚያሞቅ ትልቅ ማሽን ነው። ጋዝ ወይም ናፍጣ ያነዳል፤ የሞቀውን ውሃ በቧንቧ ከክፍል ክፍል ያዞራል፤ ክረምት ላይ ከቆመ ቤተሰቡ ይበርደዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ከፍ ብላ ብትቀመጥም፣ የሐምሌ ዝናብና የኅዳር ሌሊት ቢያንዘፈዝፈንም፣ ቤት አናሞቅም፤ ጋቢ እንደርባለን። ለእኛ ቦይለር ማለት 50 ወይም 80 ሊትር የሚይዝ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የገላ ውሃ ማሞቂያ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ውስጡ እንዳይዝግ በኢናሜል የተቀባ የብረት ጋን አለ፤ ዙሪያው በፎም ተሸፍኗል። ቀዝቃዛው ውሃ ከታች ይገባል፤ የሞቀው ወደ ላይ ስለሚወጣ መውጫው ቱቦ አፉን የሚከፍተው ከጋኑ አናት አጠገብ ነው። ከሥር ሬዚስታንሱ፣ ሙቀቱን ለክቶ የሚያበራና የሚያጠፋው ቴርሞስታት፣ እንዲሁም አኖድ የሚባል የማግኒዥየም ዘንግ አሉ። ከውጭ፣ ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት አፍ ላይ፣ አንዲት ትንሽ የናስ ቫልቭ ትገጠማለች። ስለ እሷ ብዙ የምለው አለኝ።

ረቡዕ ማታ በዚያ ቤት የሆነው እንዲህ ነው። ውሃው ሲሄድ ወደ ፎቁ የሚወጣው ቧንቧ ግፊት አጣ። ከታች ያለ ጎረቤት ቧንቧ ሲከፍት፣ በመስመሩ ውስጥ የቀረው ውሃ ሁሉ ወደ ታች ተሳበ። ቦይለሩ ውስጥ ያለው 50 ሊትርም ለመውረድ የሚጠብቀው አየር ብቻ ነበር። ልጅቷ ሻወሩን ስትከፍት አየሩ በሙቅ ውሃው መስመር ገባ፤ ጋኑ ውሃው በገባበት በር፣ በቀዝቃዛው አፍ፣ ወደ ኋላ ተራገፈ። ውሃ ውስጥ መጥለቅ የነበረበት ሬዚስታንስ ራቁቱን ቀረ። ሙቀቱን የሚወስድለት ውሃ የሌለው ሬዚስታንስ በደቂቃዎች ውስጥ ፍም ይመስላል፤ ከዚያ ይቃጠላል። ሐሙስ ሌሊት ውሃው ተመልሶ ጋኑን ሲሞላው የሚነግር ምልክት አልነበረም። አርብ ጠዋት ውሃው ቀዘቀዘ፤ ቅዳሜ ባለሙያ ተጠራ።

ይህ እንዳይሆን የምትከለክለው ያቺ የናስ ቫልቭ ናት። ውስጧ ውሃን ወደ ቦይለሩ ብቻ የሚያሳልፍ፣ ወደ ኋላ የማያስመልስ ምላስ አላት። አዲስ ቦይለር ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ፣ በትንሽ ፕላስቲክ ተጠቅልላ፣ ከመመሪያው ወረቀት ጋር ትገኛለች። ሩዋንዳ ሰፈር ባየሁት ቤት አልተገጠመችም። ገጣሚው ፍሌክሲብል ቱቦውን በቀጥታ ከቦይለሩ አፍ ጋር አጥብቆት ሄዷል። ባለሙያው «የት አለች?» ብሎ ሲጠይቅ፣ እመቤቲቱ ከኩሽናው መሳቢያ ከካርቶኑ ጋር የመጣውን ፕላስቲክ አወጡ። እንደታሸገች ነበረች።

የአዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ መምጣቱን የማያውቅ ነዋሪ የለም። ውሃና ፍሳሽ ለየሰፈሩ ፕሮግራም ያወጣል፤ ሮቶና ጀሪካን የቤት ዕቃ ከሆኑ ቆይተዋል። ውሃ ሌት ተቀን ለማይቋረጥበት ከተማ የተጻፈ መመሪያ ይህን አያስብም። እኛ ግን ማሰብ አለብን። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፤ ውሃ ሲሄድ ቦይለር ይጠፋል፤ በማብሪያው ብቻ ሳይሆን በብሬከሩ። ውሃው ሲመለስ ደግሞ ከማብራት በፊት የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍቶ መጠበቅ ነው። መጀመሪያ አየር እያስነጠሰ ይወጣል፤ ከዚያ ድፍርስ ይመጣል፤ ያለማቋረጥ ንጹሕ ውሃ መፍሰስ ሲጀምር ጋኑ ሞልቷል ማለት ነው። ያኔ ይበራል።

ጣሪያቸው ላይ በመስታወት ቱቦ የሚሠራ ሶላር ማሞቂያ ያስተከሉ ቤቶች ይህ ሕግ በሌላ መልኩ ይመለከታቸዋል። ውሃ ሄዶ ቱቦዎቹ ባዶ ሆነው በቀትር ፀሐይ ሲግሉ ይውላሉ። ውሃው ስምንት ሰዓት ላይ መጥቶ በጋለው መስታወት ላይ ድንገት ሲፈስ ቱቦው ይሰነጠቃል። ፀሐይን ማጥፋት አይቻልም፤ ስለዚህ ወደ ሶላሩ የሚገባውን ውሃ ዘግቶ አመሻሽ ወይም ንጋት ላይ መሙላት ነው መፍትሔው።

የሚሞቅ ግን በቅጡ የማይሞቅ ቦይለር ሌላ ምርመራ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ከመፍቻ በፊት ሒሳብ ይረዳል። 50 ሊትር ውሃን ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማድረስ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ያስፈልጋል። በ1,500 ዋት ሬዚስታንስ ይህ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ባለ 80 ሊትሩ ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል ያልፋል። አሥራ አንድ ሰዓት ንጋት ላይ አብርቶ አሥራ አንድ ተኩል የሚታጠብ ሰው ቦይለሩን ሊወቅሰው አይገባም።

ቮልቴጁም አለ። የሬዚስታንስ ኃይል ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም፤ በቮልቴጁ ካሬ ነው የሚወርደው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲያበራ መስመሩ ከ220 ወደ 180 ቮልት ከወረደ፣ 1,500 ዋት የተባለው ሬዚስታንስ የሚሰጠው 1,000 ዋት ብቻ ነው። ያው ውሃ ያው ሙቀት ላይ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ሊፈጅበት ነው። አንድ ቤት ውስጥ ጠዋት ደህና የሚያሞቅ ቦይለር ማታ የሚለግም ከሆነ፣ ክዳኑን ከመፍታት በፊት ሶኬት ላይ ቮልቴጅ መለካት ይቀድማል።

ሒሳቡም ቮልቴጁም ደህና ሆነው ውሃው ለብ ብቻ የሚል ከሆነ፣ ሦስት ቦታ ይታያል። አንደኛ ሚክሰሩ ነው፤ የውስጡ ካርትሬጅ ሲያልቅ ቀዝቃዛው በስውር ከሙቁ ጋር ይቀላቀላል። ከቦይለሩ የሚወጣውን የሙቅ ውሃ ቧንቧ በእጅ መዳሰስ ነው፤ ቧንቧው የሚያቃጥል ሆኖ ሻወሩ ለብ ካለ ቦይለሩ ጥፋት የለበትም። ሁለተኛ ቴርሞስታቱ ነው፤ ዝቅ ብሎ ተሞልቶ ይሆናል፣ ወይም ደክሟል። ሦስተኛው ኖራ ነው።

ኖራው የሚመጣው ከውሃው ነው። አዲስ አበባ ሁለት ዓይነት ውሃ ትጠጣለች። አንዱ በገፈርሳ፣ በለገዳዲና በድሬ ግድቦች የሚጠራቀም የዝናብና የወንዝ ውሃ ነው። ሌላው ከአቃቂና ከከተማዋ ዙሪያ ጉድጓዶች የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። የከርሰ ምድሩ በድንጋይ መካከል ሲያልፍ የሟሟ ማዕድን ይዞ ይመጣል፤ በየሕንፃው ግቢ በግል የተቆፈረውም እንደዚያው። ውሃው ሲሞቅ ማዕድኑ ከውሃው ይለያል፤ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ሬዚስታንሱ ላይ ይጋገራል። ቅርፊቱ ሙቀት ያፍናል፤ ሬዚስታንሱ ከልኩ በላይ ይግላል፤ ውሃው ግን ይዘገያል። ከውስጥ እንደ ማሰሮ የሚንተከተክ፣ የሚያጉረመርም ድምፅ የምትሰሙ ከሆነ ቅርፊቱ ሥር የተያዘ ውሃ እየፈላ ነው። ባለሙያው ሬዚስታንሱን የተሸከመውን ፍላንጅ ፈትቶ፣ ቅርፊቱን በሆምጣጤ አለስልሶ፣ ከጋኑ ሥር የተኛውን ደለል ጠርጎ፣ ጎማውን ለውጦ ይገጥመዋል። ለጉድጓድ ውሃ ተጠቃሚ ይህ በዓመት አንድ ጊዜ ቢሆን መልካም ነው። ከጠረጋው በኋላ ባልዲው ውስጥ የሚታየውን ያየ ሰው ደግሞ አይዘነጋውም።

ፍላንጁ በተፈታበት አጋጣሚ አኖዱ ይታይ። ማግኒዥየም ከብረት ይልቅ ቶሎ የሚበላ ማዕድን ነው፤ ኢናሜሉ የተሰነጠቀበት ቦታ ላይ ጋኑ ከመዛጉ በፊት አኖዱ ራሱ ይበላል። ዘዴው የእንግሊዛዊው ኬሚስት የሀምፍሪ ዴቪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከቦች የመዳብ ልባስ በጨው ውሃ ሲበላ፣ ቶሎ የሚበላ ሌላ ብረት ቢያያዝበት መዳቡ እንደሚድን አሳየ። ዛሬ ሩዋንዳ ሰፈር ከኮርኒስ ሥር የተሰቀለው ጋን በዚያው ሐሳብ ነው የሚኖረው። አኖዱ ግን ሲያልቅ ማንም አይለውጠውም። ባለሙያው ካየሁት ቦይለር ሲያወጣው፣ የጣት ውፍረት የነበረው ዘንግ የቀረው መሐል ላይ ያለፈው የብረት ሽቦ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚበላው ጋኑ ራሱ ነው። ሙቅ ውሃው ብቻ ቡናማ ሆኖ ቀዝቃዛው ንጹሕ ከሆነ፣ ዝገቱ ከከተማው መስመር ሳይሆን ከጋኑ ውስጥ ነው። ከፍላንጁ የሚንጠባጠብ ውሃ በጎማ ቅያሪ ይቆማል። ከጋኑ አካል የሚፈሰው ግን በብየዳ አይድንም፤ ብየዳው የቀረውን ኢናሜል ያቃጥለዋል። ያ ቦይለር አልቆለታል።

አሁን ወደ ናሷ ቫልቭ ልመለስ። ውሃ እንዳይመለስ ከመከልከሏ ሌላ ከዚህም የሚበልጥ ሥራ አላት። ከጎኗ ትንሽ አፍ አላት፤ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ፣ ብዙውን ጊዜ 7 ወይም 8 ባር ላይ፣ በዚያ አፍ ውሃ ታስወጣለች። ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ በ1.5 በመቶ ገደማ ያድጋል። በ50 ሊትር ጋን ይህ ከግማሽ ሊትር ይበልጣል፤ በ80 ሊትሩ ከአንድ ሊትር ያልፋል። ጋኑ ዝግ ነው፤ ወደ ኋላ መመለሻውንም ምላሷ ዘግታዋለች። ትርፉ ውሃ መውጫ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ቦይለሩ እየሞቀ ሳለ ቫልቭዋ ብትንጠባጠብ ሥራዋን እየሠራች ነው።

ይህ ስላልተነገረን ጠብታውን እንደ ብልሽት እናየዋለን። ግድግዳው ረጠበ፣ ወለሉ አንሸራተተ፣ ታችኛው ፎቅ ያለው ሰው ኮርኒሱ ላይ እድፍ ወጣ ብሎ ተጣላ። ባለሙያ ይጠራል። ባለሙያውም ደንበኛው የሚለውን ይፈጽማል፤ አፏን ይደፍናል። ገርጂ አንድ አፓርታማ ውስጥ ያየኋት ቫልቭ አፏ ላይ የእንጨት ሽብልቅ ተመትቶባት፣ በላዩ ቴፍሎን ተጠምጥሞበት ነበር። የዚያ ቤት ልጆች በየቀኑ ከሥሯ ይታጠባሉ።

ይህ ለምን እንደሚያስፈራኝ ላስረዳ። በአዲስ አበባ ከፍታ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በግፊት የታፈነ ውሃ ግን አይፈላም፤ በ7 ባር ግፊት ውስጥ ከ160 ዲግሪ በላይ ሞቆም ውሃ ሆኖ ይቆያል። ቴርሞስታቱ ተጣብቆ ማጥፋት ካቃተውና ቫልቭዋ ከተደፈነች፣ ጋኑ ውስጥ የሚጠራቀመው ያ ነው። ጋኑ ሲሰነጠቅ ግፊቱ በቅጽበት ይለቀቃል፤ የዚያ ውሃ ከፊሉ በዚያው ቅጽበት እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ ከወጣበት ውሃ ከ1,600 ጊዜ በላይ ቦታ ይፈልጋል። ግድግዳ የሚያፈርሰው ይህ ነው።

ቴርሞስታቱ እንዴት ይጣበቃል? መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ የውስጥ መገናኛዎቹ ሊበየዱ ይችላሉ። ከዚህ የከፋው ግን በሰው እጅ የሚደረገው ነው። አብዛኞቹ ቴርሞስታቶች ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ አላቸው፤ ተቆርጦ ሲገኝ ትንሿን ቀይ ቁልፍ በመጫን ይመለሳል። አንድ ጊዜ ተቆርጦ ተመልሶ ከሠራ ምናልባት ውሃ የሄደ ዕለት የሆነ ነው። ደግሞ ደጋግሞ ከቆረጠ አንድ ነገር እየነገረን ነው። ነጋሪውን ዝም ለማሰኘት «ዳይሬክት አድርገው» ይባላል፤ ሽቦው ቴርሞስታቱን ዘልሎ በቀጥታ ሬዚስታንሱ ላይ ይታሰራል። ውሃው ይፈላል፤ ደንበኛው ይደሰታል። ይህን የሚያደርግ ባለሙያ ክፉ ሰው አይደለም፤ ዕቃው መርካቶ አልተገኘም፣ ቤተሰቡ እንግዳ አለበት፣ ነገ እመለሳለሁ ብሎ ነው። ነገ ግን ሌላ ቤት ይጠራል። የተዘለለ ቴርሞስታትና የተደፈነች ቫልቭ በአንድ ቦይለር ላይ ከተገናኙ የሚቀር መከላከያ የለም።

ቫልቭዋ ቀን ከሌሊት፣ ቦይለሩ ጠፍቶም የምትፈስ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ወይ ደለል የጎን አፏ መዝጊያ ላይ ተቀምጧል፤ ማንሻዋን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍቶ መዝጋት ያጥባታል። ወይ የመስመሩ ግፊት ከፍ ብሏል። አዳዲሶቹ የቦሌ ሕንፃዎች ውሃን ወደ ላይ የሚገፉት በፓምፕ ነው፤ ፓምፑ ለሰባተኛው ፎቅ ተብሎ ሲሞላ ሁለተኛው ፎቅ ይጨነቃል። እዚያ የሚያስፈልገው የግፊት መቀነሻ ነው። ለጠብታው ደግሞ ከቫልቭዋ አፍ ቀጭን ቱቦ ተያይዞ ወደ ፍሳሹ ቢወርድ፣ ግድግዳውም አይረጥብ፣ ጎረቤትም አይጣላ፤ አፏ ግን ክፍት ይሁን።

ከሁሉ በፊት መጠየቅ የነበረበትን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ረጅም ስለሆነ ነው። ሻወር ስር ቆማችሁ ሚክሰሩን ስትነኩ ጣታችሁን ትንሽ ነዘር ያደርጋችኋል? ብዙ ሰው «አዎ፣ አንዳንዴ» ይላል፤ ፈገግ ብሎም ይላል። ጫማ አድርገን እንታጠባለን የሚሉ ቤተሰቦችን አውቃለሁ። ይህ የሚለመድ ነገር አይደለም። የሬዚስታንሱ ልባስ ሲሰነጠቅ ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃው ይገባል፤ የጋኑ ብረትና ሚክሰሩም በዚያው ይነካሉ። እርጥብ ሰውነት፣ እርጥብ ወለል፣ 220 ቮልት። ዛሬ ነዘር ያደረገው ነገ ስንጥቁ ትንሽ ሲሰፋ ይገድላል።

መከላከያው ኧርዝ ነው፤ የቦይለሩን ብረት ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ። ኤሌክትሪኩ ሲያፈተልክ በሰው ሳይሆን በዚያ ሽቦ ወደ መሬት ይሄዳል። ከቆጣሪው ቀጥሎ የ30 ሚሊ አምፒር ልዩነት ሲያይ የሚቆርጥ ብሬከር ካለ ደግሞ መስመሩ በቅጽበት ይጠፋል። ተራው ብሬከር ይህን አያደርግም፤ እሱ የሚጠብቀው ሽቦውን ከመቃጠል ነው፣ ሰውን ለመግደል ግን ከአንድ አምፒር እጅግ ያነሰ ይበቃል።

የድሮዎቹ የቦሌ ቪላዎች የውሃ መስመር ብረት ነበር። ኧርዝ በቅጡ ያልተሠራባቸው እንኳን፣ መሬት ውስጥ የተቀበረው የብረት ቧንቧ ሳይታሰብ የኧርዝን ሥራ ይሠራላቸው ነበር። ቧንቧው ሲዝግ በፒፒአር ተለወጠ። ፒፒአር አይዝግም፣ ርካሽ ነው፣ መልካም ነው፤ ነገር ግን ፕላስቲክ ነው፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ቧንቧውን የለወጠው ሠራተኛ የቤቱን ኧርዝ አብሮ እንዳነሳ አላወቀም። ያው ቦይለር፣ ያው ቤት፣ ያው ቤተሰብ ሆኖ ድንገት መንዘር የጀመረባቸው ቤቶች ብዙ ጊዜ ታሪካቸው ይህ ነው። አንዳንድ ኤሌክትሪሺያን ደግሞ ኧርዝ ባላገኘበት ሶኬት ውስጥ የኧርዙን ጫፍ ከኑል ሽቦው ጋር ያስረዋል። በቴስተር ሲለካ ደህና ይመስላል። ኑሉ አንድ ቦታ ላይ የላላ ወይም የተበጠሰ ዕለት ግን የቦይለሩ ብረት በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ይህን ሲሠራ ያያችሁት ባለሙያ ካለ አስቁሙት።

እንደ ሻወር ራስ የሚገጠሙት፣ ውሃው ሲያልፍ የሚያሞቁት ሻወር ሄተሮች ደግሞ ለብቻቸው መነሣት አለባቸው። ርካሽ ናቸው፣ ውሃ ሳይጠራቀም ያሞቃሉ። ነገር ግን እስከ 5,500 ዋት የሚስቡ አሉ፤ ይህ 25 አምፒር ነው። ለአምፑል በተዘረጋ 1.5 ካሬ ሽቦ ላይ ሲታሰሩ ሽቦው ኮርኒስ ውስጥ ይቀልጣል። ኧርዝ በሌለው ቤት እኔ አላስገጥምም፤ ላስገጠመም ዘመድ አውጣው እለዋለሁ። ተራ ቦይለር እንኳን ለብቻው ከብሬከር የወጣ 2.5 ካሬ ሽቦና 16 አምፒር ብሬከር ይገባዋል። ሶኬቱ ዙሪያ ቡናማ ከሆነ፣ ፕላጉ ሲነካ የሚሞቅ ከሆነ፣ ግንኙነቱ ላልቷል፤ ቀጥሎ የሚመጣው እሳት ነው።

ባለሙያውን ከሥራው በኋላ ለምን ይህ ሁሉ ስህተት በየቤቱ እንደሚደጋገም ጠየቅኩት። «ቦይለር የማንም አይደለም» አለኝ። ቧንቧ ሠራተኛው ውሃውን ያገናኝና «ኤሌክትሪኩ የእኔ አይደለም» ይላል። ኤሌክትሪሺያኑ ሽቦውን ያስርና «ቫልቭ የቧንቧ ሥራ ነው» ይላል። ቴክኒክና ሙያ ሲማሩም ሁለቱ የተለያዩ ሙያዎች ናቸው፤ ቦይለሩ ግን ውሃና ኤሌክትሪክ በአንድ ጋን ውስጥ የሚገናኙበት ዕቃ ነው። አከራዩ ቤቱን ሲያከራይ «ቦይለር አለው» ይላል፤ እንዴት እንደተገጠመ አይጠይቅም። ተከራዩ ደግሞ የሰው ዕቃ ነው ብሎ ክዳኑን አያስከፍትም።

ስለዚህ አዲስ ቤት የምትረከቡ፣ የምትከራዩ ወይም ልጃችሁን ኮንዶሚኒየም የምታስገቡ ሰዎች፣ ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት ሁለት ነገር አሳዩን በሉ። አንደኛ፣ ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት አፍ ላይ ቫልቭዋ መኖሯን፣ የጎን አፏም ክፍት መሆኑን። ሁለተኛ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ኧርዝ በመለኪያ ተለክቶ፣ መሬት ድረስ መድረሱን። ሁለቱም ግማሽ ሰዓት አይፈጁም። ከጎደሉ ማሟላቱ የአከራዩ ወይም የሕንፃው ባለቤት ድርሻ ነው፤ ውሉ ላይም ይጻፍ። እስኪሟላ ድረስ ቦይለሩ እንደጠፋ ይቆይ፤ ውሃ በድስት ይሞቅ።